ችግኙ አባቱ ማን ነው? የክሮሞዞም ቁጥርን እጥፍ የማድረግ ሥራና የቡና አርሶ አደሩ

ክረምት ሲቃረብ በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ በጥቁር ላስቲክ የቆሙ ችግኞች ለገበያ ይቀርባሉ። ቡናው፣ አቮካዶው፣ ማንጎው ጎን ለጎን ይደረደራል። ገዥው አንዱን አንሥቶ «ይህ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ «የተዳቀለ ነው» ወይም «ምርጥ ዝርያ ነው»። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው፣ መልሱ ውሸት ባይሆንም የተጠየቀውን አይናገርም።

ከታቦር ነዋሪ በዳሌ፣ በሸበዲኖ ወይም በአለታ ወንዶ የቤተሰብ የቡና ማሳ ያለው አለ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ የተገዛ ችግኝ በይርጋለም መንገድ ወደ ደቡብ ተጉዞ ጓሮ ይገባል፤ ከገባም ለአሥርት ዓመታት እዚያው ይቆያል። የበቆሎ ዘር ቢበላሽ በሚቀጥለው ዓመት ይታረማል። ቡና ግን የመጀመሪያ ምርቱን የሚሰጠው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። አርሶ አደሩ መሳሳቱን የሚያውቀው ጉልበቱን፣ መሬቱንና ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ይሆናል።

«የተዳቀለ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ይነገራሉ። አንደኛው በሌላ ግንድ ላይ ተቆርጦ የተጣበቀ ችግኝ ሲሆን፣ በአቮካዶ የተለመደው ይህ ነው። ሁለተኛው ሁለት ዝርያዎች በአበባቸው ተገናኝተው የተገኘ ነው። ሦስተኛው በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከአንድ እናት ዛፍ በተወሰደ ቁራጭ ህብረ ህዋስ በላብራቶሪ የተባዛ ነው። አራተኛው ደግሞ የክሮሞዞም ቁጥሩ ሆን ተብሎ እጥፍ የተደረገ ተክል ነው። አራቱም በላስቲክ ውስጥ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ማሳ ውስጥ ግን አንድ አይደሉም። የመጨረሻው ከሁሉም ያነሰ የሚታወቅና በተሳሳተ ተስፋም ሊወራ የሚችል በመሆኑ ምንነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

ክሮሞዞምና የበቅሎዋ ነገር

ማንኛውም ተክል ከጥቃቅን ህዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የተክሉን ጠባይ የሚወስን መመሪያ አለ፤ መመሪያው የተጻፈባቸው ክሮች ክሮሞዞም ይባላሉ። ቁጥራቸው እንደ ተክሉ ይለያያል። እንሰት 18፣ አቮካዶ 24፣ ጤፍ 40፣ የእኛው የአረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞም አላቸው።

ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። ተክሉ ለዘር የሚሆኑ ህዋሳትን ሲያዘጋጅ ጥንዶቹ ተገናኝተው እኩል ይካፈላሉ። ጥንድ ያጣ ክሮሞዞም ካለ ክፍፍሉ ይዛባል፤ ዘርም አይገኝም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። ከሁለቱ የምትወለደው በቅሎ 63 ይደርሳታል። ጠንካራ ናት፣ ጭነት ትችላለች፤ ነገር ግን አትወልድም። የእናቷና የአባቷ ክሮሞዞሞች በሚገባ ሊጣመሩ አይችሉምና ነው።

በእፅዋት ዓለም ግን ለዚህ ችግር መውጫ አለ። መካን የሆነው ዲቃላ የክሮሞዞም ቁጥሩ በሙሉ እጥፍ ቢሆን እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱን ቅጂ ጥንድ አድርጎ ያገኛል። ያን ጊዜ ዘር ማፍራት ይችላል።

በጓሯችን ያለው ቡና ቀድሞ እጥፍ ሆኗል

ይህ በሩቅ አገር ላብራቶሪ ብቻ የሚሠራ ነገር የሚመስለው ካለ ጓሮው ያለውን ቡና ይመልከት። በቡና ወገን ካሉት ከመቶ በላይ ዝርያዎች መካከል 44 ክሮሞዞም ያለው አረቢካ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ 22 ናቸው። አረቢካ የተገኘው ሮቡስታ ተብሎ የሚታወቀው ቡናና ዩጂኒዮይደስ የተባለ ሌላ የምሥራቅ አፍሪካ የዱር ቡና በተፈጥሮ ተዳቅለው፣ የክሮሞዞማቸው ቁጥርም እጥፍ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአረቢካ ዘረመል ጥናት ይህ የሆነው ከዛሬ 350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመት በፊት እንደሆነ ገምቷል።

ውጤቱን አርሶ አደሩ በየቀኑ ያየዋል። ሮቡስታ ፍሬ ለመያዝ የሌላ ዛፍ የአበባ ዱቄት ይፈልጋል። አረቢካ ግን በአብዛኛው በራሱ ዱቄት ያፈራል። አርሶ አደሩ ከአንድ ጥሩ የኩሩሜ ወይም የወሊሾ ዛፍ ፍሬ ለቅሞ ዘር ሲያደርግ ልጆቹ እናታቸውን የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ይኸው ታሪክ ድክመትም አለው። ያ ሁሉ የአረቢካ ቡና ከጥቂት የመነሻ ዛፎች የወረደ በመሆኑ የዘር ስብጥሩ ጠባብ ነው። አዲስ በሽታ ሲመጣ መቋቋሚያው በቅርብ ላይገኝ ይችላል። የቅጠል ዋግን ጨምሮ ለአንዳንድ በሽታዎች ጠንካራ መከላከያ ያለው በሮቡስታ ዘንድ ነው። የ22ቱን ሮቡስታ ከ44ቱ አረቢካ ጋር በቀጥታ ማዳቀል ደግሞ እንደ በቅሎ መካን የሆነ ዛፍ ይወልዳል። አዳቃዮች የክሮሞዞም ቁጥርን እጥፍ ወደ ማድረግ የሄዱበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ ሮቡስታውን መጀመሪያ ወደ 44 አድርሶ ከአረቢካው ጋር ማስተካከል።

በላብራቶሪ ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል በመጀመሪያ ክሮሞዞሞቹን ይቀዳል። ከዚያ ቀጫጭን ክሮች እየጎተቱ ግማሹን ወደ አንድ ጎን፣ ግማሹን ወደ ሌላው ይወስዳሉ። ኮልቺሲን የተባለው ኬሚካል እነዚህን ጎታች ክሮች እንዳይሠሩ ያደርጋቸዋል። ክሮሞዞሞቹ ተቀድተዋል፤ የሚለያያቸው ግን የለም። ህዋሱ ሳይከፈል ይቀርና እጥፍ ክሮሞዞም ይዞ ይቀጥላል። ኮልቺሲን በአውሮፓ ከሚበቅል የአበባ ተክል የሚገኝ ሲሆን ለዚህ ሥራ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ ኦሪዛሊን የተባለ የአረም ማጥፊያም ለተመሳሳይ ዓላማ ያገለግላል።

ኮልቺሲን በጥቂቱም ቢሆን ሰው የሚገድል መርዝ ነው። ጓንትና መከላከያ ባለው ላብራቶሪ፣ በሠለጠነ ሰው ብቻ የሚሠራበት ነው። በችግኝ ጣቢያ ወይም በጓሮ የሚሞከር አይደለም።

በዛፍ ሰብል ላይ ትልቁ ፈተና ሌላ ነው። ኬሚካሉ በበቀለ ችግኝ ጫፍ ላይ ሲቀባ የሚነካው ጥቂት ህዋሳትን ብቻ ነው። የተነኩት እጥፍ ይሆናሉ፤ ያልተነኩት እንደነበሩ ይቀራሉ። የሚገኘው ዛፍ እንደ ዥጉርጉር ጨርቅ የተደባለቀ ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ አንድ፣ ሌላው ሌላ ጠባይ ያሳያል፤ ከጊዜ በኋላም ፈጥኖ የሚያድገው መደበኛው ህዋስ ሌላውን ሊውጠው ይችላል።

ቲሹ ካልቸር ወደ ሥራው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ከቅጠል ወይም ከቡቃያ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ፣ ስኳር፣ ማዕድንና የእድገት ሆርሞን ባለው ምግብ ላይ ያስቀምጠዋል። ቁራጩ ህዋሳትን ያበዛል፤ ከነዚህም ከአንድ ህዋስ ተነሥቶ ሙሉ ተክል ሊበቅል ይችላል። ኬሚካሉ በዚህ ደረጃ ለተወሰነ ሰዓት ሲሰጥ፣ ከአንዱ እጥፍ ከሆነ ህዋስ የበቀለው ተክል ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ወጥ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ማጣራት ይመጣል። ከተሞከሩት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ከተረፉትም እጥፍ የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ወፍራምና ጠቆር ያለ ቅጠል፣ ሰፋ ያሉ የቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎች ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማረጋገጫ ግን አይደሉም። ማረጋገጫው የሥር ጫፍ ወስዶ ክሮሞዞሙን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ወይም በህዋሱ ውስጥ ያለውን የዘረመል መጠን በመሣሪያ መለካት ነው። በዓይን አይቶ «ይህ እጥፍ ነው» የሚል ሻጭ ካለ አይታመንም።

ሁለቱን ሥራዎች አለመቀላቀል ያስፈልጋል። ተራው ቲሹ ካልቸር እናቱን የሚመስል ልጅ በብዛት ያወጣል። ክሮሞዞምን እጥፍ ማድረግ ግን ከእናቱ የተለየ አዲስ ተክል ይፈጥራል። የመጀመሪያው የችግኝ ማባዣ ነው። ሁለተኛው የአዳቃዩ መሣሪያ እንጂ ለአርሶ አደር የሚከፋፈል ችግኝ ማምረቻ አይደለም።

ጊዜ የሚያሳጥር፣ ጊዜ የሚፈጅም

ይህ መሣሪያ በዓለም ላይ ለሦስት ዋና ጉዳዮች ውሏል። የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው የድልድይነት ሥራ ነው። በብራዚል የካምፒናስ የግብርና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1950 በኮልቺሲን እጥፍ የተደረገ ሮቡስታን ከአረቢካ ጋር አዳቀለ። ልጆቹን ደጋግሞ ወደ አረቢካ እየመለሰ ኢካቱ የተባሉትን ዋግ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጣ። ዝርያዎቹ ለአርሶ አደሩ በይፋ የደረሱት ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፍሬ የሌለው ብርቱካንና መንደሪን ማግኘት ነው። እጥፍ የሆነ ዛፍ ከተራው ጋር ሲዳቀል ሦስት ተካፋይ ክሮሞዞም ያለው ልጅ ይወለዳል፤ ልክ እንደ በቅሎዋ ዘር መሥራት አይችልም፤ የሚበላው ግን ያለ ፍሬ ይሆናል። በየገበያችን የምንገዛው ካቨንዲሽ ሙዝ ፍሬ የሌለው ባለ 33 ክሮሞዞም ስለሆነ ነው። አዳዲስ የሙዝ ዝርያዎችን ለማውጣትም ባለ 22ቱን ሙዝ በቲሹ ካልቸር እጥፍ አድርጎ መልሶ ከባለ 22 ጋር ማዳቀል የተለመደ መንገድ ሆኗል።

ሦስተኛው ጊዜን ማሳጠር ነው። ከትውልድ ትውልድ ጠባዩ የማይለዋወጥ ንጹህ ዝርያ ለማግኘት ተክሉን ስድስት ወይም ሰባት ትውልድ በራሱ ማዳቀል ይጠይቃል። ለአንድ የቡና ትውልድ አራት ዓመት ቢታሰብ ከ24 ዓመት በላይ ይሆናል። የክሮሞዞሙን ግማሽ ብቻ የያዘ ተክል አግኝቶ እጥፍ ማድረግ ግን ይህን በአንድ ደረጃ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሮቡስታ ሙሉ ዘረመል ሲነበብ የተመረጠው ዛፍ በዚህ መንገድ የተገኘ ነበር። በአገራችንም ዶክተር ልክየለሽ ጉግሳና ባልደረቦቻቸው ካልተዳቀለ የጤፍ ሴቴ አበባ በቲሹ ካልቸር ተክል ማብቀል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ጤፍ ዛፍ ባይሆንም ሙያው በኢትዮጵያውያን እጅ እንዳለ ያመለክታል።

ሲበዛ ማር ይመራል

«እጥፍ» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል። ክሮሞዞሙ እጥፍ ሲሆን ምርቱም እጥፍ የሚሆን ይመስላል። በቡና ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። 44 ክሮሞዞም ያለው አረቢካ እንደገና እጥፍ ሆኖ 88 ሲደርስ ቡላታ የሚባል ዓይነት ይወጣል። ቅጠሉ ወፍራምና የተጨማደደ፣ ዛፉ የሚያምር ነው፤ ፍሬ አያያዙ ግን ደካማ ነው። አረቢካ ድርሻውን ከተፈጥሮ ቀድሞ ወስዷል፤ ከዚያ በላይ ሲጨመርበት ያጎድለዋል።

ከኮትዲቯር የሚገኘውም ትምህርት ተመሳሳይ ነው። በ1960ዎቹ እጥፍ የተደረገ ሮቡስታን ከአረቢካ አዳቅለው አራቡስታ የተባለ ቡና አወጡ። ጣዕሙ ከሮቡስታ የተሻለ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ አበባዎቹ ፍሬ ሳይዙ ስለሚቀሩና ምርቱ አነስተኛ ስለሆነ በአርሶ አደሩ ዘንድ ሊስፋፋ አልቻለም። የዛፍ ሰብል በላብራቶሪ መሳካቱ ለማሳ በቅቷል ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ነው።

የእኛ ችግር የትኛውን መሣሪያ ይፈልጋል?

የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ማሳዎችን አወደመ። መፍትሔው የተገኘው በኮልቺሲን አልነበረም። ተመራማሪዎች በሽታው በከፋባቸው ቦታዎች ሳይነኩ የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ መረጡ። ዛሬ በሲዳማ ጓሮዎች ጭምር የሚታወቁት 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚጀምርበት 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ይናገራል። ዳሌ ወረዳ ያለው የአዋዳ የምርምር ንዑስ ማዕከልም አንጋፋ፣ ፋያቴ፣ ኦዲቻና ኮቲ የተባሉትን ለሲዳማና ለጌዴኦ ሥነ ምህዳር የሚስማሙ ዝርያዎች ያስገኘው ከአካባቢው ቡና በመምረጥ ነው። መድኃኒቱ የነበረው በራሳችን ጫካና ጓሮ ውስጥ ነው።

ቲሹ ካልቸር በቡናችን ላይ አሁን ይበልጥ የሚያስፈልግበት ቦታ ሌላ ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው አባቡና ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ምርቱ ከፍ ያለ ነው። አርሶ አደሩ ከዚህ ዛፍ ፍሬ ለቅሞ ቢዘራ ግን ልጆቹ ይለያያሉ፤ አንዱ ያፈራል፣ ሌላው ይደክማል። ጠባዩን ሳይለቅ ለማባዛት ቁራጭ ማጽደቅ ወይም ከቅጠሉ በቲሹ ካልቸር ማብቀል ያስፈልጋል። ማዕከሉም በዚህ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ማባዛት ነው፤ የክሮሞዞሙ ቁጥር 44 እንደሆነ ይቀጥላል።

ክሮሞዞምን እጥፍ የማድረግ ሥራ የሚያስፈልገው በአገር ውስጥ ቡና መካከል ተፈልጎ የማይገኝ ጠባይ ከሌላ የቡና ወገን ማምጣት ሲያስፈልግ ነው። የረዥም ጊዜ ሥራ ስለሆነ የምርምር ተቋማት ድርሻ ነው። የወረዳ ዕቅድ ውስጥ በዓመት የሚከፋፈል የችግኝ ቁጥር ሆኖ ሊገባ አይገባም።

ከመትከል በፊት

ችግኝ ለሚረከብ የወረዳ ባለሙያም ሆነ ለሚገዛ አርሶ አደር አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ የዝርያው ስም ማን ነው? «ምርጥ ዘር» ስም አይደለም። የተለቀቀ ዝርያ ስም ወይም ቁጥር አለው።

ሁለተኛ፣ በምን መንገድ ተባዛ? በዘር፣ በቁራጭ፣ በማጣበቅ ወይስ በቲሹ ካልቸር? በዘር ተባዝቶ የመጣ አባቡና ካለ ዘሩ በእጅ ተዳቅሎ የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው ወይስ ከማሳ የተለቀመ? ከማሳ የተለቀመ ከሆነ አለመቀበል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ እናት ዛፉ የት ናት? ከጠርሙስ የወጣ ችግኝ ከሆነ በጥላ ቤት ከአየሩ ጋር የተላመደው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሳይላመድ ወደ ማሳ የወጣ የቲሹ ካልቸር ችግኝ ፀሐዩና ነፋሱ በጥቂት ቀናት ያደርቁታል። በላብራቶሪ ለረዥም ጊዜ ደጋግሞ የተባዛ ከሆነ ደግሞ ከእናቱ የተለዩ ተክሎች ሊወጡ ስለሚችሉ የማጣራት ሥራ መሠራቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ በእኛ ከፍታና ዝናብ በሚመስል ቦታ ተሞክሮ አፍርቷል? በቆላ ያማረ ዝርያ በደጋው የሁላ ወይም የቡርሳ አየር ላይማረው ይችላል።

ለአራቱ መልስ የሌለው ችግኝ በነፃ ቢሰጥም ውድ ነው። መልሱ ባልተሟላበት ጊዜ ማሳውን በሙሉ ነቅሎ ከመተካት ጥቂት ዛፎችን ለሙከራ ተክሎ ፍሬ እስኪይዙ መጠበቅ ይሻላል።

አምስተኛው ጉዳይ ጥያቄ ሳይሆን አደራ ነው። አዲስ ችግኝ ለመትከል ሲባል በየጓሮው ያሉት ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ የሚባሉት የአባቶች ቡናዎች ሙሉ በሙሉ መነቀል የለባቸውም። በጅማ ዞን ጮጬ የሚገኘው የቡና የመስክ ጂን ባንክ፣ እንዲሁም የካፋና የያዩ ጫካዎች ይህንኑ ሀብት ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን የሲዳማ ጓሮ ሊተኩ አይችሉም። ኮልቺሲንም ሆነ ጠርሙሱ ካለው ላይ ያባዛሉ፣ ያለውን ያገናኛሉ እንጂ የጠፋን ጠባይ አይመልሱም። በሽታ በመጣበት ዓመት ሳትነካ የቆመች አንዲት አሮጌ የቡና ዛፍ ያለው አርሶ አደር ምልክት አድርጎባት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳየት ይችላል። ነገ «አባቱ ማን ነው?» ተብሎ ለሚጠየቀው ችግኝ ትክክለኛው መልስ እርሷ ልትሆን ትችላለች።